ባለሙጫው ጋ የተቆረጠው ድንጋይ

ስኒ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ሜትሬ ትሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወጥ ቤቱ መሃል ቆማ ዙሪያውን ቃኘች። አዳዲሶቹ ካቢኔዎች በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል፤ በሮቻቸው ተገጥመዋል፤ መሳቢያዎቻቸው ያለ ድምፅ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከላያቸው ግን ምንም የለም፤ አፋቸውን ከፍተው ጣሪያ ያያሉ። አንዲት ጎረቤት ከጓሮ ኮምፔንሳቶ ጎትታ አመጣችና በሁለቱ ካቢኔዎች ላይ አጋደመችላት።

“የድንጋይ ቆራጭ ቤት ሆኖ ስኒ ማስቀመጫ ይታጣ?” አለች ጎረቤቲቱ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

“ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ” አለች ሜትሬ፣ ሻዩን መቅዳት እየጀመረች።

ተረቱ የእናቷ ነው። እናትየው ከተዳረች ጀምሮ በተቦጫጨቀ የእንጨት ገበታ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራ፣ ባሏ የሰው ወጥ ቤት ሊያሳምር በወጣ ቁጥር ይህችን ተረት ከኋላው ትልክበት ነበር። እሱም “ይደርስሻል” ይላል። ጋሽ ጥቁር ድንጋይ ነበር የሚሉት፤ በከተማው ጥቁር ግራናይት የለበሰ ወጥ ቤት ያየ ሰው፣ የእሱ እጅ አርፎበታል ቢል ብዙም አይሳሳትም። ዘንድሮ ቃሉን ሊፈጽም ተነሣ፤ ግድግዳ አፈረሰ፣ መስኮት አሰፋ፣ ካቢኔ አሠራ። ድንጋዩ ሳይገባ እሱ በሬሳ ሳጥን ወጣ።

ሜትሬም የወጣላት ስም አይደለም። በልጅነቷ አባቷ ለልኬት ሰው ቤት ሲሄድ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳ ላይ ተጭና የምትይዝለት እሷ ነበረች፤ እሱ “ሜትሬ” ሲላት ሰው ሁሉ ተቀበለውና ቀረ። አሁን ወርክሾፑን የምትመራው፣ ድንጋይ የምትመርጠው፣ ደንበኛ የምታነጋግረው እሷ ናት። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። የአባቷ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፎቶ መነሣት የማይወድ ሰው ስለነበር እዚያም ላይ ፊቱ ተኮሳትሯል። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ባለሙጫው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከቀብሩ ጀምሮ ከዚያ ወንበር ተነሣ ማለት አይቻልም፤ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ማታ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል፣ በመሃሉ ያለቅሳል። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነው። ሰውየው የኳርትዝ ወርክሾፕ አለው፤ ኳርትዝ ደግሞ በጋሽ ጥቁር ድንጋይ አፍ ድንጋይ አይባልም፣ “በሙጫ የተለወሰ የድንጋይ ዱቄት” ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታቸው ከአንገት ንቅናቄ አያልፍም ነበር። ሜትሬ ያልተሸረፈውን ስኒ መርጣ ሰጠችው። ተፎካካሪ ሆኖ እንዲህ ማዘኑ ገርሟታል። ደግ ሰው ነው ለካ፣ አባዬ ያለ ነገሩ ጠምዶት ኖሯል፣ አለች በልቧ።

የዚህ ቤት የድንጋይ ክርክር ወራት ፈጅቶ ነበር። እናትየው ነጭ ኳርትዝ ፈለገች። እህቷ ቤት አይታው ልቧ ተሰርቋል፤ ነጭ፣ ወጥ፣ ዘይት ቢፈስበት የማይጠጣ፣ እንደ ግራናይት በየጊዜው ማሸጊያ ቀቡኝ የማይል። አባትየው ግራናይት አለ። አንድ ቀን እራት ላይ የኳርትዝ ናሙና አምጥቶ ከእሳት የወረደ ድስት ቂጡን አሳረፈበት። ሲያነሣው ነጩ ላይ ቢጫ ቀለበት ታትሞ ቀረ።

“ይኸው” አለ። “ድንጋይ ቢሆን እንዲህ ይሆናል?”

“እኔ ድስት የማሳርፍበት ጨርቅ አለኝ” አለች እናትየው። “ደግሞ ካገባሁህ ጀምሮ ድስት አቃጥዬ አላውቅም። የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።”

ሜትሬ እየሳቀች ከአባቷ ጎን ቆመች። ሁልጊዜም ከእሱ ጎን ናት። ግራናይት ከተራራ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፣ ትኩስ አይበግረውም እያለች የእሱን ቃል አንድ ሳታስቀር ለእናቷ ሰበከች። በመጨረሻ እናትየው እጅ ሰጠች፤ ሁለት ለአንድ አይቻልም፣ ጥቁሩ ይሁን አለች። አባትየው ምርጫውን ለሜትሬ ተወላት። ብርማ ብልጭታ የተበተነበት ጥቁር ድንጋይ መረጠች፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ብቻዋን ቆረጠችው፣ ጠርዙን አለሰለሰችው። ለእናቷ ከእጇ የሚሰጥ ስጦታ ነበር። አሁን ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ ሸራ ለብሷል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት፤ ሜትሬ ገና ከበር አወቀቻት። አንድ ጊዜ ወርክሾፑ መጥታ ነጭ ኳርትዝ ብትጠይቅ ሜትሬ “እኛ ሙጫ አንቆርጥም፤ ድንጋይ ሲያምርዎት ይመለሱ” ብላ ሸኝታታለች። ቂም ሳትይዝ መምጣቷ አሳፈራት። ባለ መድኃኒት ቤቷ እጇን ዘርግታ “እግዜር ያጥናሽ” እያለች ሳለ ፎቶውን አየችና ቃሏ ተቋረጠ። ተጠግታ ደግማ አየችው።

“እሳቸው ናቸው እንዴ?” አለች። “እኔ አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት፤ አባትሽ መሆናቸውን በምን ልወቅ። የኔን ወጥ ቤት እኮ የሠሩት እሳቸው ናቸው።”

ሜትሬ ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር እንዳምታታቻቸው በትሕትና ነገረቻት። አባቷ ኳርትዝ በእጁ አልነካም።

“ልጄ፣ ቤቴ ሲሠሩ ውለዋል፤ እንዴት አላውቃቸው?” አለች ሴትዮዋ። “የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። ሳሉ ሲነሣባቸው ውኃ እየሰጠሁ፣ ኧረ አፍዎን ይሸፍኑ እያልኩ ነበር። በዚያ አቧራ ውስጥ ሽማግሌ ታሠራለህ ብዬ የወርክሾፑን ባለቤት ሁሉ ተቆጥቻለሁ።” ዞር ብላ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አየች። “እሳቸውን።”

ያንን ጥፍር ሜትሬ ሳትወለድ ድንጋይ ወድቆበት ነው ያነሣው። ባለሙጫውን አየችው። ስኒውን ወለል ላይ አስቀምጦ ነበር።

የተሰማት ሐዘን አልነበረም። ሐዘኑን ሰሞኑን ለምዳዋለች። ይህ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ፊት ልብሷን የገፈፏት ያህል አፈረች፣ ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። ኳርትዝ ፈላጊ በመጣ ቁጥር አፍንጫዋን ነፍታ “ባለሙጫው ጋ ይሂዱ” ስትል፣ እዚያ ድንጋዩን የሚቆርጥላቸው አባቷ ነበር።

እሷ ራሷ አንድ ሰሞን ኳርትዝ እናስገባ ብላ ነበር። ገበያው ወደ ነጭ እየዞረ ነው፣ ግራናይት ፈላጊ እየሳሳ ነው ብላ ናሙናዎቹን ደርድራ አሳየችው። አባቷ በሠራተኞቹ ፊት ሰብስቦ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመራቸው። “እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ነገር እዚህ አይቆረጥም። አንቺም በእጅሽ አትነኪውም፤ ቃል ግቢልኝ” አላት። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቃል ገባች። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ “መጋዘን ድንጋይ ልይ” እያለ መውጣት አበዛ። አመሻሽ ላይ ቤት የሚገባው ታጥቦ፣ ፀጉሩ ርሶ፣ ልብስ ቀይሮ ነው። ሜትሬ ደስ ይላት ነበር። በዚህ ሙያ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ የገባ ሰው ያረፈ ሰው ነው፤ አቧራውን ለልጁ ትቶ አለቃ መሆን የጀመረ መሰላት።

ሴትዮዋን አስቀምጣ ባለሙጫውን አንዴ ይምጡ አለችው። ጓሮ ወጥተው ሸራ በለበሰው ግራናይት አጠገብ ቆሙ።

ለመካድ አልሞከረም። እንዲያውም ሳትጠይቀው ጀመረ፤ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ነበር። አባቷ በራሱ እግር መጥቶ ነው ሥራ የጠየቀው። እንደ እሱ ጠርዝ የሚያለሰልስ እጅ ከተማው ውስጥ ስላልነበረ ባለሙጫው ዓይኑን ሳያሽ ተቀበለው። መጀመሪያ ሁሉም የሚቆረጠው በውኃ ነበር። ሥራው ሲበዛ፣ ደንበኛው ሲቸኩል፣ ቤት ሄዶ መከርከም ሲመጣ ውኃው እየቀረ በደረቁ ሆነ።

“ማስክስ?”

“ያፍነኛል ይላል።”

እሷን ወለል ስትጠርግ እንኳ ያለ ማስክ ካያት ይጮህባት ነበር። “የራሱ ወርክሾፕ እያለው” አለች፣ “እናንተ ጋ ምን አመጣው?”

ባለሙጫው የጫማውን አፍንጫ አየ። “የናንተ ሠራተኞች ደመወዝ ከየት የሚመጣ ይመስልሽ ነበር፣ ልጄ?”

ይህኛው ከሁሉ ባሰ። ግራናይት ብቻ ቆርጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወርክሾፑን ያቆመችው እሷ መስሏት ነበር። ለካ ሲያበላት የኖረው ያ የምታሽሟጥጠው ኳርትዝ ነው።

“አንቺን ለማራቅ ነው” አለ ባለሙጫው። “የዚህ አቧራ እንደ ግራናይት አይደለም፤ ይከፋል። ደረት ከገባ አይወጣም። ‘የኔ አንዴ ሞልቷል፤ ልጄ ግን አደራ፣ ደጅህ እንዳትደርስ’ ብሎኛል።”

“አደራ የሚሰጠው ለማን ነው?” አለች ሜትሬ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “በደረቁ ላስቆረጠው ሰው?”

ባለሙጫው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብሎ፣ የቀረውን ነገራት። አባቷ አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት ቆርጦ የጨረሰው አንድ ነጭ ኳርትዝ እሱ ወርክሾፕ ተቀምጧል። የዚህ ቤት ነው፤ የእናቷ። እናቷ ታውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው “እሷኑ ጠይቂያት” አላት።

እናትየውን መኝታ ቤት ጋደም ብላ አገኘቻት። ሜትሬ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

“ታውቂ ነበር።”

እናትየው የቱን ብላ አልጠየቀችም። ተነሥታ ተቀመጠች። “የሥራ ልብሱን ማን ያጥብለት ነበር?” አለች።

አባቷ ሲያስል ሜትሬ ሁልጊዜ የምትወቅሰው ሲጋራውን ነበር። አንቺ ሳትወለጂ አጨስ ነበር ብሎ የነገራት ራሱ ነው። ሐኪሙ ሳንባው ጠባሳ ብቻ ሆኗል ባላቸው ቀን እንኳ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ በወጣትነቱ ስላጨሰው ሲጋራ ተቆጥታዋለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ቁጣዋን ተቀበላት። አሁን ስለ ሲጋራው እናቷን ጠየቀቻት።

“አባትሽ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም” አለች እናትየው።

“ክርክሩስ? ጥቁሩ ይሁን ያልሽውስ?”

“ነጩን ስፈልግ ከልቤ ነበር፤ እጅ ስሰጥም ከልቤ ነበር። ኋላ ብቻችንን ስንሆን ነው፣ ‘ልጅቱ ታሸንፍ፤ ያንቺን እኔ ራሴ እሠራልሻለሁ፣ ሌላ ሰው አይነካውም’ ያለኝ። ሲገባ እነግራታለሁ ብሎ ነበር።”

“እኔ ጥቁሩን ስቆርጥልሽ ቆመሽ አይተሻል። ጠርዙን ዳስሰሽ እሰይ የኔ ልጅ ብለሽኛል።”

“ብያለሁ።”

“ስትስቁብኝ ነበር።”

“ስንፈራሽ ነበር” አለች እናትየው። “ብትሰሚ ልርዳው ብለሽ እዚያው ትገቢ ነበር። የወለድኩሽ እኔ ነኝ፣ አውቅሻለሁ። ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ አላወጣም።”

“ብሰማ አስቆመው ነበር። ወርክሾፑን ዘግቼ አሳክመው ነበር። ይህን ነው የቀማችሁኝ።”

ሜትሬ ያ ድንጋይ እዚህ ቤት እንደማይገባ ነገረቻት፤ የገደለው እሱ ነው አለች። እናትየው የአልጋ ልብሱን እጥፋት በመዳፏ አስተካከለች። “የእጁ መጨረሻ ነው” አለች። “ወጥ ቤቱ ደግሞ የኔ ነው። ይገባል።”

ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀናት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ኮምፔንሳቶው ላይ ሻይ ሲቀዱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ለቀስተኛው ሐዘኑ አፋቸውን ዘጋው እያለ ከንፈሩን መጠጠ። የድሮ ሠራተኞች መጥተው የሟቹን ጨዋታ አነሡ፤ ድንጋይ በጣቱ አጥንት አንኳኩቶ እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ እስቲ ንገሪኝ እያለ እንዴት እንደሚያወራው። ሰው ሳቀ። ሜትሬ መሳቅ አቃታት። በእያንዳንዱ ወሬ ውስጥ የቱ እውነት ነው፣ የቱ ለእኔ የተሠራ ነው እያለች ትመዝን ጀመር፤ የሚቀራት አባት አነሰባት። መጋዘን ይዟት በሄደ ቁጥር ድንጋዩ ላይ ውኃ ያፈስና “ስንጥቅ ካለው ሲርስ ይታያል” ይላት ነበር። እሱ ግን በየቀኑ ታጥቦ ነው የደበቃት።

የለቅሶው መጨረሻ ቀን ወንበሮቹ ተደራርበው ወደ መኪና ሲጫኑ ሌላ መኪና በር ላይ ቆመ። እናትየው ናት የደወለችው። የባለሙጫው ሠራተኞች ነጩን ድንጋይ በቁሙ ተሸክመው በኮሪደሩ አሳለፉት፤ ባለሙጫው ከኋላ “ቀስ፣ ቀስ” ይላል። ሜትሬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ምን እንደምትል ሰሞኑን ስታዘጋጅ ነው የከረመችው፤ ይውጣ ትላለች፣ እምቢ ካሉ መዶሻ አታጣም።

ድንጋዩ ካቢኔዎቹ ላይ አረፈ። ወደ ግድግዳው ገፋ ሲያደርጉት ሄዶ ተለጠፈ። ያ የቤቱ ጥግ ጠማማ ነው፤ ኮምፔንሳቶው እንኳ እዚያ ጋ ሲቀመጥ ክፍተት ነበረው። ዓይኗ ሳታዘው ሥራውን ሠራ፤ ወረቀት የሚገባበት ቦታ የለም። እናትየው ባለፈች ቁጥር ዳሌዋን የምትገጭበት ጫፍ ተሞርዶ ክብ ሆኗል። ሜትሬ የራሷን ጥቁር ድንጋይ ጫፍ አራት ማዕዘን አድርጋ ነው የቆረጠችው፤ እናቷ እንደምትገጭ እያወቀች አላሰበችውም። ማማሩ አናደዳት። አባቷ ሲሠራው እንዴት ያስል እንደነበር አሰበችና መዶሻውን ፈለገች፤ መዶሻውም እጇ ሥር ነበር። እናትየው በዚያው ቅጽበት መጥታ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ አለች፤ ሁለት መዳፏን አሳርፋ ፊቷን ወደ ነጩ አስጠጋች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ጋሽ ጥቁር ድንጋይ የቧንቧን ቀዳዳ ድንጋዩ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ አይበሳም፤ ቦታውን በእርሳስ መስቀል አድርጎ ይተወዋል። መስቀሉ እዚያ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ድሪሉን አንሥቶ ሰካና ሊበሳ ጎንበስ አለ። ውኃ አልያዘም። እናትየው ፊቷን ከመስቀሉ አጠገብ አላነሣችም።

“አቁም” አለች ሜትሬ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ሄዳ ድሪሉን ከእጁ ወሰደችና እንዲወጡላት ጠየቀች። ባለሙጫው በሩ ላይ ወደኋላ ቀረ።

“ልጄ፣ እኔ ልብሳው” አለ። “አንቺ እንዳትነኪው ቃል አለብኝ።”

“በዚህ ነገር ቃሉን የጠበቀ ሰው ከኔ በቀር አላየሁም” አለችው። “ይውጡልኝ፣ ጋሼ።”

ወጣ። ሜትሬ ሠራተኞቹ ለማሸጊያ ካመጡት ስቱኮ በመዳፏ ጠቅልላ ውኃ እንዳይፈስ በመስቀሉ ዙሪያ ክብ ግድብ ሠራች። መስኮቱን ከፈተች። ማንቆርቆሪያ ሞልታ ለእናቷ ሰጠቻት፤ እስክጨርስ ታፈሺያለሽ፣ እንዳታቋርጪ አለቻት። ከመኝታ ቤቱ ጭቅጭቅ በኋላ ለእናቷ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እናትየው ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ያዘች።

ቤት ውስጥ ያለው ማስክ አንድ ብቻ ነው። ሜትሬ ለራሷ ፎጣ አርሳ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመችና ማስኩን ለእናቷ አደረገችላት፤ ላስቲኩን ከጆሮዋ ኋላ አሳለፈች፣ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ሽቦ በሁለት ጣት ተጫነች።

“ይቅር አላልኳችሁም” አለች። “አንቺንም፣ እሱንም።”

“አውቃለሁ።”

“ተንፍሺ።”

እናትየው ተነፈሰች። በጉንጯ በኩል አየር ሾለከ። ሜትሬ ድሪሉን መልሳ አስቀመጠች፤ ላስቲኩን አወለቀች፣ ቋጥራ አሳጠረችው፣ እንደገና አደረገችላትና እናቷ ስትተነፍስ ጉንጯ ላይ እጇን አሳርፋ ጠበቀች።